ፍሌቸርስ ኮቭ፦ ፖቶማክ ላይ የጀልባ ከሰዓት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር አበሻ ፖቶማክን የሚያውቀው በድልድዮቹ ነው። ጠዋት ከቨርጂኒያ ወደ ሥራ ሲገባ ይሻገረዋል፣ ማታ ሲመለስ ይሻገረዋል፤ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ድልድይ ላይ የቆመ ዕለት ደግሞ ሳይወድ በግዱ ሲያየው ያመሻል። ከጆርጅታውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በዚሁ ወንዝ ላይ ጀልባ ተከራይቶ፣ ራስ ቀዝፎ ዓሣ የሚጠመድበት ቦታ እንዳለ ግን ሃያ ዓመት የኖረውም ላይሰማ ይችላል። ቦታው ፍሌቸርስ ኮቭ ይባላል።

ስሙ የቤተሰብ ስም ነው። ፍሌቸሮች ከ1850ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) እዚህ ጀልባ ሲያከራዩ፣ ትልና መንጠቆ ሲሸጡ ኖረዋል። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ አራት ትውልድ ዘልቆ እስከ 2004 ቆየ። መሬቱ የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ ጀልባ ማከራየቱን ዛሬ ውል የያዘ ድርጅት ያካሂደዋል። ዳርቻው ላይ የሚታየው አሮጌ የድንጋይ ቤት የአብነር ክላውድ ቤት ይባላል፤ አጠገቡ ከሚያልፈው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ በዕድሜ ይበልጣል። ቦዩ በ1828 መቆፈር ተጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ ከተማ ደረሰ፤ በበቅሎ የሚጎተቱ ጀልባዎች እስከ 1924 ድረስ የድንጋይ ከሰል አመላለሱበት። በስሙ ላይ ያለው ኦሃዮ ግን ስም ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ባቡር ቀደመው።

ወደ ውሃው እንምጣ። ፖቶማክ ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ተነሥቶ፣ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ዋሽንግተን ሲደርስ ባሕረ ሰላጤው ገና ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀዋል። እንዲያም ሆኖ ባሕሩ ሲሞላ ሙላቱ ወንዙን ሽቅብ እየገፋ ከተማው ድረስ ይመጣል። የሚያቆመው ከፍሌቸርስ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው የሊትል ፎልስ ዓለት ነው። ጨዉ እዚህ ድረስ አይዘልቅም፤ ጣዕሙን ላየ የወንዝ ውሃ ነው። ከፍና ዝቅ ማለቱ ግን የባሕር ነው፦ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከተማው አጠገብ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ጨረቃን ስለሚከተልም ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ የሞላ፣ ነገ የሚሞላው ለስምንት ጥቂት ሲቀረው ነው።

ጣና ወይም ሐዋሳ ዳር ላደገ ሰው ይህ ግር ማለቱ አይቀርም። ሐይቅ ክረምት ሲገባ ከፍ፣ በጋ ሲሆን ዝቅ ይላል እንጂ ሰው ምሳውን በልቶ እስኪመለስ ዳርቻውን ለቆ አይሄድም። እዚህ ጠዋት ጀልባ የታሰረበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ጀልባዎቹ የሚታሰሩባት የፍሌቸርስ ወሽመጥ ራሷ በደለል እየተሞላች በመምጣቷ ችግሩ ብሷል።

ሙላቱ ሲመጣ ከላይ ከሚወርደው ውሃ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ያን ጊዜ ፍሰቱ ይለዝባል። ለአጥማጅ ከሁሉ የከፋው ውሃው ወዲህም ወዲያም ሳይል ቀጥ የሚልበት ጊዜ ነው፤ ክሩ ይረግባል፣ ዓሣውም የሚጠፋ ይመስላል። ዓሣ ወንዝ ውስጥ የሚያደባው ፍሰቱ ምግብ እስኪያመጣለት ነው፤ አቅራቢው ሲቆም እሱም ይቆማል። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚያየው የአየር ትንበያውን ብቻ አይደለም፣ የሙላቱን ሰንጠረዥም ነው። እኔን የሚጠይቀኝ ካለ፣ ሙላቱና ጉድለቱ የሚገናኙበት ሰዓት ከሰዓቱ መካከል ላይ የሚውልበትን ቀን ቢመርጥ ይሻላል፤ ውሃው ቀጥ ባለበት ሰዓት ሳንድዊቹን ይበላል።

ፍሌቸርስ ስሙ የሚነሣው ይበልጡን በአንድ ዓሣ ነው፤ በሻድ። ሻድ ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ወርዶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይኖራል፣ ከዚያ ዕንቁላሉን ለመጣል የተፈለፈለበትን ወንዝ ፈልጎ ይመለሳል። ፖቶማክ ውስጥ የሚወጣው በሚያዝያ ውስጥ፣ ውሃው መሞቅ ሲጀምር ነው። አንዷ ሴት ከመቶ ሺህ በላይ ዕንቁላል ትይዛለች። ሊትል ፎልስ ያለው ዓለት ስለሚያጨናንቃቸው ከዚያ በታች ባለው ውሃ ይጠራቀማሉ፤ ፍሌቸርስም የሚገኘው በትክክል እዚያ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ከዚህ በታች ማውንት ቨርነን ባለው ርስቱ፣ በባርነት የያዛቸውን ሰዎች መረብ እያስጎተተ ሻድና ሄሪንግ ያስጠምድ፣ በበርሜል አስጨውቶም ይሸጥ ነበር።

ያ ሁሉ ዓሣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ደረሰ። ከልክ በላይ ተጠመደ፣ ግድብ መንገዱን ዘጋው፣ የከተማው ፍሳሽም ውሃውን አገማው። በ1982 ፖቶማክ ላይ ሻድ መያዝ ተከለከለ። የፍሳሽ ማጣሪያው ከ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ በኋላ ተሻሻለ፤ በ1990ዎቹ ከወንዙ በተወሰደ ዕንቁላል ጫጩቶች እየተፈለፈሉ ተለቀቁ፤ በ2000 ደግሞ ሊትል ፎልስ ግድብ ላይ ዓሣ የሚያልፍበት መንገድ ተከፈተ። ሻዱ አንሰራራ። ክልከላው ግን አልተነሣም፤ የያዘው ሰው መልሶ መልቀቅ አለበት። ሻድ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ መጨረሻ ወይም ፋሲካ ሰሞን መሆኑን ላስተዋለ አበሻ ነገሩ ያስቃል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክራችንን በዚህ ዓሣ ላይ ሕጉ ዘግቶልናል።

ሻድ ወደ ወንዝ ሲወጣ ምግብ እምብዛም አይበላም። ትል ቢያቀርቡለት ዞር ብሎ አያይም። የሚይዘው ዳርት የምትባል፣ ከእርሳስ የተሠራችና ቀለም የተቀባች፣ ከጅራቷ ጥቂት ፀጉር ያላት የጣት ጥፍር የምታህል መንጠቆ ናት። ጀልባው ፈጣኑ ውሃና የተረጋጋው ውሃ የሚዋሰኑበት መስመር ላይ ይቆማል። ዳርቷ ወንዙን አቋርጣ ትወረወራለች፣ ጥቂት እንድትሰጥም ትተዋለች፤ ከዚያ ፍሰቱ ራሱ ክሩን ወጥሮ በግማሽ ክብ ወደ ጀልባው ኋላ ያዞራታል። ዳርቷ ዙሯን ጨርሳ ቀና ልትል ስትል ነው ሻዱ የሚመታት። ለምን እንደሚመታት አጥማጆቹ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ተናዶ ነው የሚል አለ፣ የድሮ ልማዱ ነው የሚል አለ። አፉ ስስ ስለሆነ ደንግጦ በኃይል የሚጎትት ሰው መንጠቆውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ክሩን ላላ አድርጎ እንዲሮጥ መተው ይሻላል፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ጎኑን ለፍሰቱ ሰጥቶ ይከብዳል። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ከውሃ ሳይወጣ መንጠቆው ይነቀልለታል። ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚረግፍ የነካው እጅ ብር የተቀባ መስሎ ይቀራል።

ጀልባው ሞተር የለውም፤ ሁለት መቅዘፊያ፣ ረጅም ገመድና መልህቅ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰው የሚሳሳተው መልህቁ ላይ ነው። መልህቅ የሚታሰረው በጀልባው ፊት ብቻ ነው። በጎን ወይም በኋላ ያሰረው ፍሰቱ ጀልባውን ወደ ታች ይጎትትበትና ውሃ ያስገባበታል። መልህቁ ዓለት ውስጥ ተቀርቅሮ እምቢ ሲል ጀልባን አጋድሎ መታገል ሞኝነት ነው፤ ገመዱን በቢላ ቆርጦ መሄድ ነው ያለበት፤ ገመድ ይገዛል። ላይፍ ጃኬትም የሚቀመጡበት ትራስ አይደለም። ከፍሌቸርስ ከፍ ብሎ ወዳለው ድልድይ፣ ወደ ቼይን ብሪጅ፣ በተጠጉ ቁጥር ወንዙ ይጠባል፣ ይጠልቃል፣ ከላይ ጸጥ ብሎ ከታች ይፈጥናል፤ ሰው የበላ ውሃ ነው። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ከፍ ያለ ዕለት አከራዮቹ ጀልባ አይሰጡም፤ እንዲያ ባለ ቀን የሚለምናቸው ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ፈቃድም ያስፈልጋል። ወንዙ እዚህ ላይ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የዲሲ ስለሆነ የሚጠየቀው የዲሲ የማጥመጃ ፈቃድ ነው፤ ዕድሜው ከ16 እስከ 64 የሆነ ሁሉ ያወጣል፤ ዋጋውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ሰኔ ሲገባ ሻዱ ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ ወንዙም ለሌላ ዓሣ ይቀራል። አሁን የሞላው ብሉ ካትፊሽ ነው፤ የኛ አምባዛ ወገን፣ ሪዛም። በ1970ዎቹ ለስፖርት ተብሎ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ ጨዋማ ውሃም ስለሚችል ከወንዝ ወንዝ እየተሻገረ ቼሳፒክን አዳረሰ፤ ፖቶማክ ውስጥ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተይዟል። ያገኘውን ሁሉ ስለሚውጥ የዓሣ ሀብት ኃላፊዎቹ ራሳቸው ያዙልን፣ ብሉልን ይላሉ። አያያዙም ለሰነፍ ይመቻል፤ የተቆረጠ ዓሣ መንጠቆ ላይ ሰክቶ ወደ ወለሉ መልቀቅና ዘንጉን ጀልባው ጠርዝ ላይ አስደግፎ መጠበቅ ነው። በዚህ መሃል ወደ ሬገን አየር ማረፊያ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ወንዙን ተከትለው በአናት ላይ ያልፋሉ፤ ከበታቻቸው ንስርና ሽመላ አለ። ወሬም የሚመጣው ያኔ ነው፤ ለዚህ ሲሉ ብቻ የሚከራዩ አሉ፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

ለመብላት የሚመረጠው ግን ትንሹ ነው። ፒሲቢ የሚባለው ድሮ ከፋብሪካ የወጣ ኬሚካል አሁንም ደለሉ ውስጥ አለ፤ ዓሣው ባረጀና በወፈረ ቁጥር ስቡ ውስጥ ይጠራቀማል። የዲሲ መንግሥት የትኛው ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ እንደሚሻል መመሪያ ያወጣል፤ ሳያነቡት ወደ ድስት መሄድ አይገባም። ከአንድ ሁለት ኪሎ የማያልፈው ካትፊሽ የሆዱ ስብ ተቆርጦ ሲጣል ሥጋው ነጭና ጠንካራ ይሆናል፤ ጉላሽ ውስጥ ገብቶ አይፈርስም። ቅርፊት የለውም፣ ቆዳውን መግፈፍ ግን በባዶ እጅ አይሆንም፤ ፒንሳ ይዞ መምጣት ነው።