አሲዱ ቢደፋም እርሳሱ አለ

ስለ ከባድ ብረቶች ብክለት ባነሳሁ ቁጥር ደብረ ታቦር ላይ የሚመለስልኝ ጥያቄ "እኛ ዘንድ ምን ፋብሪካ አለና?" የሚል ነው። እውነት አላቸው። ስሙ የሚነሳው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ የአዲስ አበባን የፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ተሸክሞ እየወረደ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ከክልላችንም ኮምቦልቻ ትጠቀሳለች፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ወደ ቦርከና ገባሮች የሚገባባት።

እኔን የሚያሰጋኝ ግን ባትሪ ነው። መኪናው፣ ባጃጁ፣ የገጠሩ የፀሐይ መብራት ሁሉ ባትሪ ይፈልጋል። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ሲያረጅ ቆራሌው ይገዛዋል፣ ወይም እዚያው ጓሮ ይቀራል።

በቅርቡ ለአፈር ናሙና በገባሁበት የአንዲት እናት ጓሮ ዶሮዎች ውሃ የሚጠጡት አናቱ ከተቆረጠ የባትሪ ቀፎ ነበር። ሥሩ ላይ ግራጫ ጭቃ ተጋግሯል፤ ክንድ በማይሞላ ርቀት ጎመን በቅሏል። "እናቴ፣ ይሄን ከዶሮዎቹም ከልጆቹም ያርቁት" አልኳቸው። "ልጄ፣ አሲዱ እኮ ከተደፋ ቆየ" አሉኝ። ሰው የሚፈራው ልብስ የሚበሳውን አሲድ ነው። እርሳሱ አይሸትም፣ አያቃጥልም፣ አይበሰብስም። ከላይኛው አፈር ጋር ተጣብቆ ይቆይና በአቧራ፣ ባልታጠበ ቅጠልና በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። በ2000 ዓ.ም. ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር ዳር ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ ነዋሪዎች ባትሪ ሲፈታበት የኖረውን አፈር እየነፉ እርሳስ ሲለቅሙ 18 ሕፃናት ሞተዋል።

የኛ አፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፋርጣና ላይ ጋይንት ላይ ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው ብዙው ማሳ ኮምጣጣ ነው፤ ገብሱ የሚቀጭጨውም፣ ኖራ ጨምሩ የምንለውም ለዚህ ነው። በኮምጣጣ አፈር ብዙዎቹ ብረቶች፣ በተለይ ካድሚየም፣ በቀላሉ ሟሙተው በሥር ወደ ቅጠል ይወጣሉ። ኖራ ይህንን ይቀንሳል። ለሁሉም ግን መድኃኒት አይደለም፤ አርሰኒክ ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ እንዲያውም ሊብስ ይችላል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ለገበሬ የምንሰጠው የአፈር ምርመራ ውጤት ፒኤች፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንጂ እርሳስ አያሳይም። ወረቀቱን የያዘ ሰው "አፈሬ ደህና ነው" ቢል አይፈረድበትም፤ እኛ ባለሙያዎች ግን ያልለካነውን ደህና ነው ማለት አንችልም። በጋራዦችና በባትሪ ጠጋኞች ዙሪያ ያለው አፈር ዛሬ መለካት አለበት። ነገ ፋብሪካ ቢመጣ ቀድሞ የነበረው ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ዛሬ ከተለካ ብቻ ነው። ባትሪ ሻጮችም አሮጌውን ሳይቀበሉ አዲሱን አይስጡ፤ የከተማ አስተዳደሩም ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ጣሪያ ያለው ማከማቻ ያዘጋጅ።

እስከዚያው ቤትዎ ውስጥ አሮጌ ባትሪ ካለ አይክፈቱት፤ ዝናብና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት። ቀድሞ በተከፈተበት መሬት ላይ ጎመንም ቆስጣም አይትከሉ።