ሰዓቱ የማይነግረን ሩጫ

ከቦሌ መገናኛ በታክሲ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱ ክፍት ሲሆን ሹፌሩ ይበራል፤ መገናኛ ሲቃረብ ደግሞ ቁጭ ነው። ርቀቱን በወሰደው ጊዜ ብታካፍሉ አንድ ቁጥር ይወጣል፦ አማካይ ፍጥነት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ታክሲው ግን በዚያ ፍጥነት የሄደው ምናልባት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

የሯጭ ምርጥ ሰዓትም እንደዚያው ነው። ሁለት የ10,000 ሜትር ሯጮች አሉ እንበል፤ የሁለቱም ሰዓት 27 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ። አንደኛው 25ቱንም ዙር በ66 ሰከንድ ይሮጣል። ሁለተኛው 24ቱን በ66.5፣ የመጨረሻውን በ54 (ደምሩት፣ እኩል ነው)። ሰንጠረዥ ላይ መንታ ናቸው። ኦሊምፒክ ላይ ግን አሯሯጭ የለም፤ ከፊት ያለው ነፋሱን ይጋፈጣል፣ ከኋላ ያሉት ጉልበት ይቆጥባሉ። ተጠባብቀው ሄደው ደወሉ ሲደወል አብረው ከሆኑ አንደኛው አለቀለት። ይህን ስለሚያውቅ ገና መሃል ላይ ለማምለጥ ይገደዳል። የሁለተኛው አጨራረስ፣ ገና ሳይታይ፣ የሌላውን ሩጫ ቀየረው ማለት ነው። ይሄ የትኛው አምድ ላይ ይጻፋል?

በአሜሪካ ፉትቦልም ኳስ ወርዋሪው፣ ኳርተርባኩ፣ የሚለካበት የታወቀው ነጥብ ሩጫውን ጭራሽ አይቆጥርም። ላማር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2019 የውድድር ዘመን በእግሩ 1,206 ያርድ ሄዷል። «ይሮጥ ይሆን?» ብሎ ቆሞ የቀረው ተከላካይም እዚያ ነጥብ ውስጥ የለም።

ወደኛ እንመለስ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀደመው። የገባበት 27:18.20 ከራሱ ክብረ ወሰን በ55 ሰከንድ የዘገየ ነው! ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ተራ ሩጫ ይመስለዋል።

ለተሰንበት ግደይ ደግሞ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ፣ በኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ፣ 29:01.03 ገባች። ሲፋን ሀሰን ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ሜዳ ያስመዘገበችው የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። በሁለት ወሩ ቶኪዮ ላይ ለተሰንበት ረጅሙን መንገድ ከፊት ሆና መራች፤ በ30:01.72 ሦስተኛ ወጣች። ወርቁ 29:55.32 የገባችው የሲፋን ሆነ።

አንድ አገር በአንድ ርቀት ማሰለፍ የሚችለው ሦስት ሯጭ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አራተኛው ቤቱ ይቀራል። እኔ ብሆን የየዙሩን ሰዓትና ማን ከፊት እንደነበረ አብሬ አያለሁ። እሱም ቢሆን ችግር አለው፦ አንድ ሯጭ በሕይወቱ የሚሮጠው የኦሊምፒክ ፍጻሜ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አራት አይበልጥም። በሦስት ነጥብ መስመር ላስምር ብል የስታቲስቲክስ መምህራችን ይስቅብኝ ነበር።