የራዲዮ ጣቢያ ታሪክና አሠራር፤ ለነጋዴው ያለው ጥቅምና ወጪ

በቄራ ሠፈር ሱቁን በማለዳ የሚከፍት ነጋዴ፥ ከመዝጊያው ቀጥሎ እጁ የሚያርፈው በራዲዮው ቁልፍ ላይ ነው። ሥጋ ሻጩም፥ የእህል ነጋዴውም፥ የመለዋወጫ ዕቃ ሻጩም እስኪመሽ ድረስ ያንኑ ሲያዳምጥ ይውላል። ይሁን እንጂ ይህ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ፥ ማን እንደሚያዘጋጀውና ወጪውን ማን እንደሚችለው ጠይቆ የተረዳው ጥቂት ነው። ማስታወቂያ ለማስነገር ገንዘብ የሚከፍል ነጋዴ ግን የሚገዛውን ነገር ምንነት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የአገራችን ራዲዮ መነሻ አቃቂ ነው። በዚያ ሥፍራ የተሠራው ጣቢያ በጥር ወር 1927 ዓ. ም. ሥራውን ጀመረ፤ የሠራውም አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወጋ፥ የኢትዮጵያ አቤቱታ ለዓለም የተሰማው በዚሁ የኢጣልያ ኩባንያ በሠራው ጣቢያ መሆኑ የሚያስገርም ነው። በ1933 ዓ. ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የአዲስ አበባ ራዲዮ እንደገና መናገር ጀመረ። በየካቲት ወር 1955 ዓ. ም. ደግሞ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ፤ በአጭር ሞገድ እስከ ሩቅ አገር ይሰማ ነበር። ይህ ጣቢያ በ1969 ዓ. ም. በደርግ መንግሥት ተወረሰ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የአየር ሞገድ በሙሉ በመንግሥት እጅ ብቻ ቆየ። በዚያን ዘመን የነጋዴው ትርፍ ከማስታወቂያው ይልቅ ከዕቃው ነበር፤ ይኸውም ከትራንዚስተር ራዲዮና ከባትሪ ድንጋይ ሽያጭ ነው።

ዛሬ በከተማችን የምናዳምጠው የኤፍ ኤም ሥርጭት የተጀመረው በ1992 ዓ. ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በተከፈተ ጊዜ ነው። ከግል ጣቢያዎች መካከል የመጀመሪያዎቹ ዛሚ 90.7 እና ሸገር 102.1 ናቸው፤ ፈቃዳቸውን በ1998 ዓ. ም. አግኝተዋል። ቀጥሎ የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ጣቢያዎችን የሕዝብ፥ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈላቸው። የማኅበረሰብ ጣቢያ ማለት በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ወይም የጋራ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት፥ ትርፍ የማይከፋፈልበት፥ በዕቅዱም በአመራሩም ራሳቸው የሚሳተፉበት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኤፍ ኤም 102.0 ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ በአርሲ ደግሞ የሱዴ ማኅበረሰብ ራዲዮ ይጠቀሳል። በ2013 ዓ. ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ይህን ሕግ ተክቶ፥ ፈቃድ የመስጠቱን ሥራ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ተመልሶ ሩቅ አገር አይደርስም፤ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ ጋራና ረጅም ሕንፃ ያግደዋል። ማሠራጫዎች እንደ ፉሪ ባሉ ከፍታዎች ላይ የሚተከሉትም ስለዚህ ነው። ለዚህ አገልግሎት የተመደበው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል ስለሆነ፥ በአንድ ከተማ ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉት ጣቢያዎች ቍጥር የተወሰነ ነው። የማኅበረሰብ ጣቢያ አነስተኛ ኃይል ባለው ማሠራጫ የአካባቢውን ሰው ብቻ ይደርሳል። ለባለሱቁ ይህ ጉድለት አይደለም፤ የቄራ ሥጋ ቤት ደንበኛ የሚመጣው ከሠፈሩና ከአጎራባቹ እንጂ ከደሴ አይደለምና። ላኪው ግን ከራዲዮ የሚፈልገው ደንበኛን ሳይሆን ወሬን ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ. ም. ሥራ ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ ለገበሬውና ለነጋዴው ካደረሰባቸው መንገዶች አንዱ ራዲዮ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በአዲስ አበባ በየጣቢያው የሚሰማው ዝግጅት ሁሉ በጣቢያው ሠራተኞች የሚዘጋጅ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። «ተባባሪ አዘጋጅ» የሚባለው ሰው የአየር ሰዓት ከጣቢያው ይገዛል፤ ከዚያም ስፖንሰር ፍለጋ በየነጋዴው በር ይዞራል። የስፖርቱም፥ የመዝናኛውም፥ የምክሩም ዝግጅት ብዙው በዚህ መንገድ የቆመ ነው። ስለሆነም ነጋዴው ኪሱን ሲዘጋ ዝግጅቱ ይዘጋል። ይህ በግልጽ የታየው በ2011 ዓ. ም. ነው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር በከለከለ ጊዜ፥ ከዋነኞቹ ከፋዮች መካከል የነበሩት ቢራ ፋብሪካዎች ከአየር ወረዱ። የሕጉ ዓላማ ጤና መሆኑ የሚያከራክር አይደለም፤ ሆኖም በጥቂት ትልልቅ ከፋዮች ላይ የተንጠለጠለ ጣቢያ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ አሳይቷል።

የማኅበረሰብ ጣቢያ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ሠፈር፥ ለምሳሌ ቄራ፥ ጣቢያ ላቁም ቢል ፈቃዱንና ድግግሞሹን ከባለሥልጣኑ መጠየቅ፥ ስቱዲዮና ማሠራጫ መግዛት፥ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ጄኔሬተር ማዘጋጀት ይኖርበታል። መሣሪያው ከውጭ አገር የሚመጣ ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ይህን አስመጪዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። መሣሪያው አንዴ በርዳታ ሊገኝ ይችላል፤ የየወሩን ደመወዝና የመብራት ሒሳብ ግን የሚረዳ አይገኝም። ከሁሉም በላይ ማኅበረሰቡ ራሱ በሥፍራው መቆየት አለበት። በ2017 ዓ. ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ነዋሪና ባለሱቅ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሯል፤ ለእነዚህ ባለሱቆች የቀድሞ ደንበኛቸውን በአዲሱ አድራሻ ማግኘት ትልቅ ጉዳይ ሆኖባቸዋል። የሠፈር ራዲዮ ቢኖር ኖሮ ሱቁ ወዴት እንደ ሄደ በአንድ ማለዳ በተነገረ ነበር፤ አድማጩም አብሮ ከተበተነ ግን አነስተኛው ማሠራጫ አይደርስበትም።

በማናቸውም ጣቢያ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ አለበት፤ በውሉም ላይ በቀን ስንት ጊዜ፥ በየትኛው ሰዓትና ለስንት ሰከንድ እንደሚነገር መገለጽ ይገባዋል። ውሉ ከተባባሪ አዘጋጁ ጋር ሲሆን፥ አዘጋጁ የአየር ሰዓቱን ከጣቢያው እስከ መቼ እንደ ተዋዋለ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የስድስት ወር ክፍያ አስቀድሞ ተቀብሎ በሦስተኛው ወር ሰዓቱ ቢቋረጥበት፥ ነጋዴው የሚከስሰው ጣቢያውን ሳይሆን አዘጋጁን ነውና። ማስታወቂያው መነገሩን ለማረጋገጥም የተላለፈውን ቅጂ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህም አስቀድሞ በውሉ ቢጻፍ ይመረጣል።