ስሙ የድሮ፣ ሞተሩ የአዲስ፤ የመኪና አርማ ስንት ያወጣል?

በወለጋ ከተሞች መኪና የሚገዛ ነጋዴ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት የሚጠይቀው ስሙን ነው። መልሱም በአንድ ቃል ያልቃል፤ ዲኤክስ ነው፣ ሎንግ ቤዝ ነው፣ ቮልስ ነው፣ ቪ8 ነው። ነቀምቴ ጨለለቂ ያለ ገዢም ሆነ ጊምቢ፣ ሻምቡ ወይም ደምቢዶሎ ያለ ሻጭ ከዚህች ቃል ተነስቶ ዋጋ ይቆርጣል። ስሟ ሞተሩ ምን እንደሆነ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ የትኛው መካኒክ እንደሚያውቀውና ነገ ሲሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ትናገራለች። ከሊብሬው ቀድማ የምትነበብ ሰነድ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህች ሰነድ ግን እንደ ድሮው የምትታመን አልሆነችም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ የቀድሞ አርማዎች ፈጽሞ ሌላ በሆነ መኪና ላይ ተለጥፈው ገበያውን ተቀላቅለዋል። ቮልስዋገን በባትሪ መጥቷል። ቶዮታም በባትሪ መጥቷል። ገዢው የሚያውቀው ስሙን ነው፤ ከስሙ ሥር ያለውን ግን ገና አልተዋወቀውም። ታዲያ ለስሙ ብቻ ምን ያህል መክፈል ይገባል?

ስም እንዴት ዋጋ አገኘ?

የዲኤክስን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በቶዮታ ፋብሪካ ዲኤክስ የመኪና ስም አልነበረም፤ "ዴሉክስ" የሚለው ቃል ምህፃር ሆኖ የኮሮላን አንድ የዕቃ ደረጃ ያመለክት ነበር። እኛ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች በጀርባቸው ከተለጠፉት ሁለት ፊደላት ስማቸውን አገኙ። ፋብሪካው ካቆማቸው ከአሥርት ዓመታት በኋላም ዲኤክስ ገዢ አላጣም። ምክንያቱ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ሞተሩ ቀላል ነው፤ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ገጠር ከተማ ያለ መካኒክም ፈትቶ ይገጥመዋል።

ቮልስም እንዲሁ ነው። በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈው ይህ መኪና ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር አያስፈልገውም፤ ራዲያተር የሌለው መኪና ደግሞ ዳገት ላይ ውኃ አይፈላበትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻው እስኪመረት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም በጥንቃቄ የተያዙ ቮልሶች ይታያሉ። ስሙ የተከበረው መኪናው ስላከበረው ነው።

በዚህ ላይ መኪና በኢትዮጵያ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ማስቀመጫም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል፣ ቀድመው የገቡት ዋጋቸው ተሰቀለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእጁ መኪና የነበረው ሰው ተጠቀመ። ስለዚህ "ነገ ይሸጣል ወይ?" የሚለው ጥያቄ "ዛሬ ይነዳል ወይ?" ከሚለው እኩል ክብደት አለው፤ መልሱንም እስካሁን የሚሰጠው ስሙ ነበር።

ዴትሮይት ስም ስትሸጥ

የድሮ ስምን በአዲስ ብረት ላይ ለጥፎ መሸጥ እኛ ጋ የተጀመረ ነገር አይደለም። አሜሪካኖች "የጡንቻ መኪና" የሚሏቸው መኪኖች በመካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተጫነባቸው ነበሩ። የፖንቲያክ ጂቲኦና የፎርድ ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የዶጅ ቻርጀር ደግሞ በ1966 ገበያ ገቡ። ጂቲኦ የሚለው ስም ራሱ ከፌራሪ የተወሰደ ነበር። ከዓመታት በኋላ ያ ትውልድ ሸምግሎ ገንዘብ ሲይዝ፣ ፋብሪካዎቹ ስሞቹን ከመጋዘን አወጧቸው።

ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ጂቲኦን ሲመልስ መኪናው የአውስትራሊያው ሆልደን ሞናሮ ነበር። ሞተሩ ጠንካራ ቢሆንም መልኩ የድሮውን አላስታወሰም፤ በ2006 ቆመ፣ ፖንቲያክ ራሱም በ2010 ተዘጋ። ፎርድ በበኩሉ በ2019 የሙስታንግን ስም ማክ-ኢ ለተባለ የኤሌክትሪክ የቤተሰብ መኪና ሲሰጥ የድሮ አፍቃሪዎች አዘኑ። ገበያው ግን ሌላ ነገር ተናገረ፤ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ማክ-ኢ ከ51 ሺህ በላይ ሲሸጥ፣ የቤንዚኑ ሙስታንግ የተሸጠው 44 ሺህ ገደማ ነው። ዶጅ ደግሞ በዚያው ዓመት ቻርጀርን በባትሪ አቅርቦ፣ የሞተር ጩኸት የሚመስል ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ገጠመለት። ገዢው ግን አልተቻኮለም፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ቻርጀር አስከተለ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ስም ገዢውን እስከ መኪናው በር ድረስ ይጎትተዋል፤ ኪሱን የሚያስከፍተው ግን ከበሩ በኋላ ያለው ነው።

ቮልስ በባትሪ

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ከሚታወቁት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ይገኛሉ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት የቀረው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ነበር። አስመጪውም ፊቱን ወደ ቻይና አዞረ። ቮልስዋገን ቻይና ውስጥ ከአገሩ ኩባንያዎች ጋር በሽርክና ያመርታል፤ ባለ 7 መቀመጫው አይዲ 6 እንዲያውም ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ እንጂ በአገሩ በጀርመን ለሽያጭ የቀረበ አይደለም።

እዚህ ላይ አርማው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ስማቸው ለኢትዮጵያዊ ገዢ እንግዳ የሆኑ የቻይና መኪኖች ከጎን ቆመው ሳሉ፣ የሁለቱ ፊደላት ክብ አርማ የአባትን ቮልስ ያስታውሳል። የሚገርመው መደበኛው አይዲ 4 እንደ ድሮው ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚገፋውም የኋላ ጎማን ነው። ተመሳሳይነቱ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። የቮልስን ሞተር ሁለት ሰዎች በመፍቻ ያወርዱታል፤ የአይዲ 4ን ባትሪ ለመንካት የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና፣ የመመርመሪያ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ለቻይና ገበያ በተሠራው መኪና ላይ ሶፍትዌሩ የቻይንኛ ነው፣ የቻርጅ መሰኪያውም አውሮፓ ከሚጠቀምበት የተለየ የቻይና ደረጃ ነው።

ቮልስዋገን ራሱ በጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመኑ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባን ሲጎበኙ፣ በኢትዮጵያ የመኪና ኢንዱስትሪ ለማቋቋም የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር። ሆኖም በገበያው የሚታዩት መኪኖች የዚያ ሰነድ ፍሬ ሳይሆኑ ነጋዴዎች ከቻይና ያስመጧቸው ናቸው። ስለዚህ አርማው የጀርመን ነው ብሎ የጀርመን ዋስትና የሚጠብቅ ገዢ ውሉን ደግሞ ቢያነብ ይሻለዋል።

ቪ8 ያለ 8 ሲሊንደር

ባለሥልጣንና ባለሀብት የሚያሽከረክሩት ላንድ ክሩዘር 200 በኢትዮጵያ ስሙ "ቪ8" ነው። ይህም የሲሊንደር አደራደርን የሚገልጽ አርማ ነው፤ የአሜሪካ የጡንቻ መኪኖች ይኮሩበት የነበረው የሞተር ዓይነት መሆኑ ነው። ነገር ግን ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 ላንድ ክሩዘር 300ን ሲያወጣ ባለ 8 ሲሊንደሩን ሞተር ትቶ በሁለት ተርቦ የሚታገዝ ባለ 6 ሲሊንደር ገጠመለት። ጉልበቱ አልቀነሰም፤ ስሙ ግን እውነት መሆኑ ቀረ። አዲሱን ላንድ ክሩዘር "ቪ8 ነው" ብሎ የሚያገናኝ ደላላ ካለ የሚሸጠው ክብሩን እንጂ ሞተሩን አይደለም።

በአንፃሩ የወለጋ መንገድ የሚያውቀው ሎንግ ቤዝ አለ። የላንድ ክሩዘር 70 ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣ ጀምሮ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ ከ40 ዓመት በላይ ዘልቋል። ባለ 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር በጭቃም በዳገትም ተፈትኗል። እዚህ ስምና ሥራ አልተለያዩም፤ ዋጋውም በናፍቆት ሳይሆን በጉልበት የቆመ ነው።

ገበያው ራሱ የሚያወጣው ስም

አርማ የሚለጥፈው ፋብሪካ ብቻ አይደለም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ አካል የለበሰው አውቶቡስ "ቅጥቅጥ" ተብሏል። የቶዮታ ሚኒባስ ደግሞ በቀድሞው የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ስም "አባዱላ" ተብሎ ቀርቷል። እነዚህ ስሞች ለተሳፋሪ ይበቃሉ፤ መለዋወጫ ሱቅ ሲደርሱ ግን ማንም "የአባዱላ ፒስተን" ብሎ አይገዛም፤ የሞተሩ ቁጥር ይጠየቃል።

በአገር ስም የተጠሩም ነበሩ። ሆላንድ ካር የቻይናውን ሊፋን 520 ገጣጥሞ "አባይ" ብሎ ሸጦታል። ስሙ ልብ ይነካል። ድርጅቱ ግን በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ከሰረ፤ አባይን የገዛ ሰው መለዋወጫ ሲፈልግ መጥራት የነበረበት የሊፋንን ስም ነው። በአርማው ሥር ያለውን እውነተኛ ስም የማያውቅ ባለመኪና ሱቅ ለሱቅ ይንከራተታል።

ለነቀምቴ ገዢ ሒሳቡ

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቁን ባትሪ የያዘ አይዲ 4 በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ሙሌት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። መለኪያው ግን ጭነትን፣ ፍጥነትን፣ የጉደርንና የጊቤን ውጣ ውረድ አልቆጠረም። ሙሉ ሆኖ የተነሳ ነቀምቴ ይገባል ቢባል እንኳ ደርሶ መልሱ 660 ኪሎ ሜትር ነውና ሳይሞላ አይመለስም። የቻርጅ ጣቢያዎች ደግሞ በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው። 80 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ የሚይዝ ባትሪ 2 ኪሎዋት ከሚሰጥ የቤት ሶኬት ሲሞላ 40 ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት ሳይጠፋ ማለት ነው።

ይህ ማለት አይገዛ ማለት አይደለም። ከተማ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ፣ ግቢው ውስጥ መሙያ ላስተከለና ነዳጅ ፍለጋ ሰልፍ ለሰለቸው ነጋዴ የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ሒሳብ ሊሆን ይችላል። ስህተቱ የሚመጣው ለአዲሱ ቮልስዋገን የድሮውን ቮልስ እምነት አብሮ ሲከፍል ነው። ያ እምነት የተገነባው በመፍቻ፣ በሶማሌ ተራና በየከተማው ባለ መካኒክ ነው። ስም ሲዛወር መካኒኩ አብሮ አይዛወርም።

ስለዚህ ከመፈራረም በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሞዴልና የተሠራበት ዓመት አፍ ላይ ከሚነገረው ስም ጋር ይገጥማል? መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ ተሠራ? ባትሪው በኮምፒዩተር ሲመረመር ከመጀመሪያ አቅሙ ስንት በመቶ ቀርቶታል? ዋስትና የሚሰጠው ማን ነው፣ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? ሲበላሽ ነቀምቴ ላይ የሚከፍተው ሰው አለ ወይስ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይጫናል? የጭነቱ ዋጋ ከመግዣው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ይታሰብ።

የወለጋ ነጋዴ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አዲስ አይደለም። ከተማዋ ነቀምቴ ተብላ ስትጻፍ፣ ቡናዋ ግን በዓለም ገበያ ዛሬም "ለቀምት" በሚለው በቀድሞው አጠራር ይሸጣል። የድሮ ስም ዋጋ እንዳለው ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይሁንና ለቀምት የሚል ጆንያ ስላየ ብቻ ገንዘብ የሚቆጥር ቡና ገዢ የለም፤ ናሙና ይወሰዳል፣ ፍሬው ይታያል፣ ተቆልቶ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ ዋጋ ይቆረጣል። በጆንያ ላይ ያለውን ስም የሚፈትን እጅ በመኪና አፍንጫ ላይ ያለውንም ሳይፈትን መፈረም የለበትም።