ተራራ ውስጥ የወደቀን አውሮፕላን ሳተላይት እንዴት ያገኘዋል?

በ1972 ኦክቶበር ወር፣ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት አውሮፕላኖች ተራራ በበዛበት አገር ጠፉ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ኦክቶበር 13 ቀን ከኡራጓይ ወደ ቺሊ 45 ሰዎችን ይዞ ሲበር የነበረ አውሮፕላን ነው። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች የራግቢ ተጫዋቾችና ወዳጅ ዘመዶቻቸው ነበሩ። አውሮፕላኑ የአንዲስ ተራሮች ላይ ወደቀ። ፈላጊ አውሮፕላኖች ቢሰማሩም አላዩአቸውም፤ በነጭ በረዶ ላይ የተኛን ነጭ ስብርባሪ ከሰማይ ሆኖ ማን ይለየዋል? የተረፉት ሰዎች ፍለጋው መቋረጡን የሰሙት አብሯቸው በነበረ ትንሽ ራዲዮ ነው። በመጨረሻ ሁለቱ 10 ቀን ገደማ በእግራቸው ተጉዘው ሰው አገኙ። ከ72 ቀን በኋላ በሕይወት የወጡት 16 ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ኦክቶበር 16 ቀን አላስካ ውስጥ የጠፋ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ከተሳፈሩት 4 ሰዎች ሁለቱ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ነበሩ። 39 ቀን ሙሉ ተፈለገ። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አንዲስ ላይ የነበሩትን ሰዎች እስቲ አስቡአቸው። የዓለምን ወሬ መስማት ይችሉ ነበር፤ መሰማት ግን አልቻሉም። ዛሬ የምናወራችሁ ይህን ችግር ለመፍታት ስለተሠራው ዘዴ ነው።

ሲወድቅ የሚጮህ ሣጥን

ብዙ አውሮፕላኖች ጅራታቸው አካባቢ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለቻቸው። በሙያው ቋንቋ ኢኤልቲ ትባላለች፤ እኛ እዚህ "ጠቋሚ" እንበላት። የራሷ ባትሪና አንቴና አላት። ውስጧ ያለው ማብሪያ አውሮፕላኑ በኃይል ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም ያንን ንቅናቄ ለይቶ ያበራታል፤ አብራሪው ራሱን ቢስት እንኳ መጮህ ትጀምራለች። አብራሪው በእጁም ሊያበራት ይችላል።

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ይህችን ሣጥን እንዲይዙ በሕግ ተገደዱ። ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ሰሚው ማነው? የዚያን ጊዜዎቹ ጠቋሚዎች በ121.5 ሜጋኸርዝ ነበር የሚጮሁት። የሚሰማቸው በአጋጣሚ በአቅራቢያው የሚያልፍ አውሮፕላን ወይም ቅርብ ያለ የአየር ማረፊያ ነው። ሰው በማያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ከሆነስ? ጩኸት አለ፣ ሰሚ የለም።

መልሱ ከላይ መጣ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለውን የጋራ ሥርዓት አቋቋሙ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ! የመጀመሪያዋ ሳተላይት የሶቪየቷ ኮስሞስ 1383 በ1982 አጋማሽ ወደ ሕዋ ወጣች። ብዙም አልቆየችም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ላይ፣ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች ውስጥ የወደቀ ትንሽ አውሮፕላን የላከውን ምልክት ሰማች፤ ሦስቱም ተሳፋሪዎች በሕይወት ተገኙ። የሚገርመው፣ እነሱ ራሳቸው የጠፋ ሌላ አውሮፕላን ሲፈልጉ ነበር የወደቁት።

ሳተላይቷ ቦታውን በምን ታውቃለች?

ምልክት መስማት አንድ ነገር ነው፤ ከየት እንደመጣ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠቋሚዎች "እኔ እዚህ ነኝ" ብለው አድራሻ አይናገሩም ነበር። ታዲያ እንዴት ተገኙ?

አምቡላንስ ሲያልፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ወደ እናንተ ሲመጣ ጩኸቱ ቀጭን ነው፤ አልፏችሁ ሲሄድ ወፈር ይላል። አምቡላንሱ ድምፁን አልቀየረም። ሲቀርብ የድምፁ ሞገዶች ተጠጋግተው ይደርሷችኋል፣ ሲርቅ ደግሞ ተራርቀው። ይህ የዶፕለር ክስተት ይባላል። የራዲዮ ሞገድም እንዲሁ ያደርጋል።

የኮስፓስ-ሳርሳት የመጀመሪያዎቹ ሳተላይቶች ከምድር በላይ ከ850 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ከአድማስ ብቅ ሲሉ ወደ ጠቋሚዋ የሚቀርቡበት ፍጥነት በሰከንድ 6.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብርሃንና የራዲዮ ሞገድ ደግሞ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። 6.5ን ለ300,000 አካፍሉና በ406 ሚሊዮን አባዙት፤ ይህ 406 ሚሊዮን የዘመናዊ ጠቋሚ ሞገድ በሰከንድ የሚርገበገበው ብዛት ነው። ወደ 9,000 ገደማ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሳተላይቷ ስትቀርብ ከእውነተኛው በ9,000 የሚበልጥ ርግብግቢት ትሰማለች፤ ስትርቅ ደግሞ በዚያው ያህል ያነሰ። ለኤሌክትሮኒክስ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት ሳተላይቷ ለጠቋሚዋ በጣም የቀረበችበት ቅጽበት ነው። ይህ "ወደፊት ነው ወይስ ወደኋላ?" የሚለውን ይመልሳል። "ወደ ጎን ምን ያህል ይርቃል?" የሚለውስ? ወደ አምቡላንሱ እንመለስ። መንገዱ ዳር ከቆማችሁ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚለወጠው ድንገት ነው። ከመንገዱ ራቅ ካላችሁ ግን ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። ለሳተላይቷም እንዲሁ የለውጡ ፍጥነት ታይቶ ርቀቱ ይሰላል። ግራ ይሁን ቀኝ መለየት ትንሽ ያስቸግራል፤ እሱን የምድር መዞርና የሚቀጥለው ሳተላይት መምጣት ያጠሩታል።

ሐሳቡ የተወለደው ከስፑትኒክ ነው። በ1957 ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስታመጥቅ፣ አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የስፑትኒክን ድምፅ እየሰሙ በዶፕለር ብቻ ምሕዋሯን አሰሉ። ያኔ አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ነገሩን ገለበጠው፦ ከምድር ሆነን የሳተላይትን ቦታ ካወቅን፣ በሳተላይቱ የምድርን ቦታ ማወቅ አንችልም ወይ?

ተራራው ሲጋርድ

የራዲዮ ሞገድ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ተራራ አይበሳም። ጠቋሚዋና ሳተላይቷ መተያየት አለባቸው። ሜዳ ላይ አንዲት ዝቅ ብላ የምትበር ሳተላይት እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ትታያለች። ጠባብ ገደል ውስጥ ግን ሰማዩ ራሱ ጠባብ ነው፤ ሳተላይቷ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ዘመናዊ ጠቋሚ በየ50 ሰከንዱ አንድ አጭር ምልክት ነው የምትልከው፤ ሳተላይቷ የምትታየው ለሁለት ደቂቃ ከሆነ ሁለት ሦስት ምልክት ብቻ ይደርሳታል። በዚያ ላይ ቀጣዩን ሳተላይት ለመጠበቅ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ።

"36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት፣ ከምድር ሲታዩ የማይንቀሳቀሱት ሳተላይቶችስ?" ትሉ ይሆናል። እነሱ ምልክቱን ወዲያው ይሰማሉ፤ ግን ስለማይንቀሳቀሱ ዶፕለር የለም። ጠቋሚዋ በጂፒኤስ ያለችበትን ካልነገረቻቸው ቦታውን አያውቁም። ደግሞም ተራራ ከጋረዳቸው ዓመት ሙሉ ቢጠበቅ አይወጡም።

አሁን ያለው መፍትሔ መሃል ላይ ነው። ከ19,000 እስከ 23,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ፣ የጋሊሊዮና የግሎናስ ሳተላይቶች የአደጋ ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ተጭኖባቸዋል። በአንድ ጊዜ ብዙዎቹ በተለያየ የሰማይ አቅጣጫ ስለሚታዩ፣ አንዱን ተራራ ቢጋርደው ሌላው በገደሉ አፍ ሊያይ ይችላል። አንዱ ምልክት ለእያንዳንዳቸው በትንሽ የጊዜ ልዩነት ይደርሳቸዋል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ልዩነት ማለት 300 ሜትር ነው። ይህን የጊዜና የፍሪኩዌንሲ ልዩነት አንድ ላይ በማስላት ቦታው በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል።

ከሰማይ ወደ መሬት

ሳተላይቱ የሰማውን ወደ ምድር ጣቢያ ይልካል፤ ጣቢያው ቦታውን አስልቶ በመቆጣጠሪያ ማዕከል በኩል ለአካባቢው የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ያስተላልፋል። የ406 ሜጋኸርዝ ምልክት መለያ ቁጥርም ይዟል። ጠቋሚዋ በትክክል ከተመዘገበች፣ ማስተባበሪያው ስልክ ደውሎ "አውሮፕላናችሁ የት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ከሚደርሱት ጥሪዎች አብዛኞቹ ሳይታሰብ የበሩ ጠቋሚዎች ናቸው።

የድሮው 121.5 መለያ አልነበረውም፤ ስህተቱም እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። 406 በዶፕለር ብቻ ይህን ወደ 5 ኪሎ ሜትር አወረደው። የክብ ስፋት ቀመር ካስታወሳችሁ፣ የሚፈለገው መሬት 16 ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ሳተላይቶች 121.5ን መስማት ያቆሙት በ2009 ነው። ያም ሆኖ ዘመናዊ ጠቋሚ ዛሬም በዚያ ፍሪኩዌንሲ ደከም ያለ ድምፅ ታሰማለች፤ ሄሊኮፕተሩ አካባቢው ሲደርስ ድምፁን ተከትሎ ይጠጋል።

ሣጥኗ ዝም ስትል

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሣጥኗ ከግጭቱ ከተረፈች ነው። አንቴናዋ ሊቆረጥ፣ እሳት ሊበላት ይችላል። በ2007 ታዋቂው አብራሪ ስቲቭ ፎሴት ከኔቫዳ ተነስቶ ሲጠፋ ምንም ምልክት አልተሰማም። ከፍተኛ ፍለጋ ቢደረግም ስብርባሪው የተገኘው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ አንድ ተራራ ወጪ የፎሴትን መታወቂያዎች ካገኘ በኋላ ነው።

አገራችንም ይህን ሐዘን ታውቀዋለች። በኦገስት 1989 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሚኪ ሌላንድ ከአሜሪካውያንና ከኢትዮጵያውያን ጋር ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲጓዙ አውሮፕላናቸው ጋምቤላ አካባቢ ተራራ ላይ ወደቀ። የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነበር። አንድም ሰው አልተረፈም። ለቤተሰብ እያንዳንዱ የጥበቃ ቀን ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ለዚህ ነው መሐንዲሶች አሁን መውደቅን የማትጠብቅ ጠቋሚ የሠሩት። አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ እያለ ያልተለመደ አወዳደቅ ካየች መጮህ ትጀምራለች፤ ብትሰበር እንኳ የመጨረሻው ቦታ አስቀድሞ ተልኳል።

ከ1982 ወዲህ በዚህ ሥርዓት እርዳታ በየብስ፣ በባሕርና በአየር ከ50,000 በላይ ሰዎች ከሞት ተርፈዋል። እናንተም መሠረታዊውን ዘዴ በጆሯችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ መኪና በማያልፍበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ ስልክ ይዞ በብስክሌት በፍጥነት ይለፍ፤ እናንተ በሌላ ስልክ ቅዱ። አንዴ ከመንገዱ አጠገብ፣ አንዴ 20 ሜትር ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከዚያ ሁለቱን ቅጂዎች ለሌላ ጓደኛ አሰሙና የትኛው ከቅርብ እንደተቀዳ ይገምት። ከለየ፣ ኮስሞስ 1383 ካናዳ ተራሮች ላይ የሠራችውን ሥራ ሠርቷል ማለት ነው።