የሂንዱዎች በዓላትና የጨረቃ ዘመን አቈጣጠር

የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ከጥቂቶቹ በቀር በዓላቸውን የሚያከብሩት በፀሐይ ወር ሳይሆን በጨረቃ ቀን ነው። ስለዚህ ያው በዓል በአንዱ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በሌላው ዓመት ዘግይቶ ይውላል። ይህ ለውጭ ተመልካች ሥርዓት የሌለው መስሎ ይታየዋል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ የጠበቀ ስሌት አለው።

የስሌቱ መሠረት «ቲቲ» የሚባለው የጨረቃ ቀን ነው። ቲቲ ማለት ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ የምትርቅበት ጊዜ ሲሆን፥ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ 30 ቲቲ ይገኛል። የጨረቃ አካሄድ አንድ ዓይነት ፍጥነት ስለሌለው አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ያህል፥ ሌላው እስከ 26 ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ዕለቱ ስሙን የሚያገኘው ፀሐይ በምትወጣበት ጊዜ ካለው ቲቲ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ቲቲ ሳይቈጠር ይታለፋል፤ አንዳንዱም ሁለት ጊዜ ይቈጠራል።

ወሩ በሁለት ይከፈላል፤ ይኸውም ጨረቃ የምትሞላበት ብሩህ እኩሌታና የምትጐድልበት ጨለማ እኩሌታ ነው። በደቡብና በምዕራብ ሕንድ ወሩ የሚያልቀው ጨረቃ ስትሰወር ነው፤ በሰሜን ግን ሙሉ ስትሆን ያልቃል። ስለዚህ የብሩሁ እኩሌታ ስም በሁለቱም ዘንድ አንድ ሲሆን፥ የጨለማው እኩሌታ ስም ይለያያል። የመብራት በዓል የሆነውን ዲዋሊን የጉጅራት ሰው በአሽቪን ወር፥ የሰሜኑ ሰው በካርቲክ ወር ይዋላል ይላሉ። የወሩ ስም ቢለያይም ሌሊቱ አንድ ነው።

ዓመቱ በብዙ ክፍላተ አገር ቻይትራ በሚባለው ወር ይጀምራል። በዚሁ ወር በብሩሁ እኩሌታ በዘጠነኛው ቀን የራማ ልደት ይከበራል። በዝናቡ ወራት የክሪሽና ልደት በጨለማው እኩሌታ በስምንተኛው ቀን ይውላል። ቀጥሎ በባድራፓዳ በብሩሁ እኩሌታ በአራተኛው ቀን የጋኔሻ በዓል ይመጣል። በአሽቪን ብሩህ እኩሌታ ዘጠኙ ሌሊቶች፥ ማለት ናቫራትሪ፥ ይከበሩና በዐሥረኛው ቀን ዱሴራ ይሆናል። ከዚያ ሃያ ቀን ያህል ቈይቶ፥ ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት፥ ዲዋሊ ይበራል። በዓመቱ መጨረሻ በፋልጉን ሙሉ ጨረቃ የሆሊ እሳት ይነድዳል፤ በማግሥቱም ሕዝቡ ቀለም ይረጫጫል። ከእነዚህ የሚለየው ማካር ሳንክራንቲ ነው፤ እርሱ ፀሐይ ወደ ጀዲ የገባችበትን ቀን ስለሚከተል በየዓመቱ በጃንዋሪ 14 ገደማ ይውላል።

ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ስለሆኑ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጐድላሉ። የእስልምና ዘመን አቈጣጠር ይህን ጉድለት ስለማይሞላ ረመዳን በወቅቶች ሁሉ ይዞራል። ሂንዱዎች ግን በዓሎቻቸው ከመከሩና ከዝናቡ እንዳይርቁ ትርፍ ወር ይጨምራሉ። ፀሐይ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥ ከአንዱ የከዋክብት ክፍል ወደ ሌላው ያልገባች እንደ ሆነ፥ ያ ወር «አዲካ» ተብሎ በተከታዩ ወር ስም ይጠራል። ይህም በ32 ወይም በ33 ወር አንድ ጊዜ ገደማ ይደርሳል፤ በትርፉም ወር ሠርግና ታላላቅ በዓላት አይደረጉም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ዲዋሊ በኖቬምበር 4 ዋለ፤ በ2022 ዓ.ም. 11 ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ኦክቶበር 24 ሆነ። በ2023 ዓ.ም. ሽራቫና የሚባለው ወር ሁለት ጊዜ ስለ ተቈጠረ በዓሉ 19 ቀን ወደ ፊት ሄዶ ኖቬምበር 12 ዋለ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እነዚህን ቍጥሮች ያውቃቸዋል፤ ጥንተ አበቅቴ 11፥ ጥንተ መጥቅዕ 19 ነው፤ ሁለቱም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ይህ አንዱ ከሌላው መቅዳቱን አያስረዳም፤ ጨረቃንና ፀሐይን ለማስታረቅ የሚሻ ሁሉ ያንኑ ጉድለት ማግኘቱ ግድ ነው። ልዩነቱ ግን፥ ባሕረ ሐሳብ በዚህ ስሌት ፋሲካንና ከእርሱ ጋር የሚሄዱትን አጽዋማትና በዓላት ሲወስን፥ ሂንዱዎች ከሞላ ጐደል የዓመቱን በዓላት ሁሉ በጨረቃ ይወስናሉ።

ስሌቱ ክርክርን አያስቀርም። እያንዳንዱ በዓል የራሱ ሰዓት አለው፤ የራማ ልደት ቀትርን፥ ማሃ ሺቫራትሪ እኩለ ሌሊትን፥ ዲዋሊ ምሽትን ይጠብቃል። በ2024 ዓ.ም. የዲዋሊ ቲቲ በኦክቶበር 31 ከቀትር በኋላ ጀምሮ በኖቬምበር 1 ምሽት አለቀ። ሁለቱንም ምሽቶች ስለ ነካ ሊቃውንቱ ተለያዩ፤ ሕዝቡም ከፊሉ በመጀመሪያው፥ ከፊሉ በሁለተኛው ምሽት አከበረ።

የሕንድ መንግሥት በ1952 ዓ.ም. በሊቁ ሜግናድ ሳሃ ሊቀ መንበርነት ጉባኤ አቁሞ፥ በአገሩ የሚሠራባቸውን ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አቈጣጠሮች አስመረመረ። ከማርች 22 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀምሮም በፀሐይ የሚሄድ ብሔራዊ ዘመን አቈጣጠር አወጣ። ይህ ለመንግሥት ሥራ ይውላል፤ በዓሉን የሚወስነው ግን እንደ ቀድሞው «ፓንቻንግ» የተባለው መጽሐፈ ስሌት ነው።

እንግዲህ የሂንዱን በዓል የሚመዘግብ ተማሪ የአውሮፓውን ቀን ብቻ ቢጽፍ የዚያን ዓመት አጋጣሚ እንጂ የበዓሉን ሕግ አልያዘም። ወሩን፥ እኩሌታውን፥ ቲቲውን፥ ደግሞም ወሩ በየትኛው አገር ልማድ እንደ ተጠራ አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።