ጨውና የደም ግፊት

ጨው የሌለው ወጥ አይበላም። ቡናችንንም በጨው የምንጠጣ ብዙዎች ነን። በድሮ ዘመን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። ስለዚህ «ጨው ይጎዳል» ሲሉን ለመቀበል ይከብደናል። እርግጥ ጨው በመጠኑ ለሰውነታችን ያስፈልጋል። ሲበዛ ግን ልብንና የደም ሥርን ይጎዳል። እንዴት አድርጎ?

ልባችን ሌሊትም ቀንም ደም ይረጫል። ደሙ በደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ግድግዳቸውን ይገፋል። ይህም የደም ግፊት ይባላል። የደም ግፊት የሌለው ሰው የለም፤ ባይኖርማ ደማችን እስከ እግር ጣታችን አይደርስም ነበር። በሽታ የሚሆነው ከልክ ሲያልፍ ነው።

ጨው ደግሞ ውሃ ይስባል። በክረምት ጨው ሳይከደን ሲያድር እንደሚረጥብ ሁላችንም አይተናል። በሰውነታችን ውስጥም ጨው ሲበዛ ውሃ ይይዛል። በደም ሥሮቻችን ውስጥ የሚሄደው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ግፊቱም ይጨምራል። መስኖ የምናጠጣ ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። በጠባብ ቦይ ብዙ ውሃ ቢለቀቅ ዳሩን እየሸረሸረ ይሄድና አንድ ቀን ይጥሰዋል። የደም ሥርም በብዙ ዓመት ግፊት ይጎዳል፤ ይደድራል፤ ይጠብባል። ከዚያ አንድ ቀን አንጎል ውስጥ ይፈነዳል፤ ወይም በረጋ ደም ይደፈናል። ጧት ደህና የነበረው ሰው ከቀትር በፊት ግማሽ አካሉ ይሰንፋል፤ አፉ ይጣመማል፤ አንደበቱ ይታሰራል። ሐኪሞች ይህን በሽታ ስትሮክ ይሉታል። እኛ ግን «መጋኛ መታው» እያልን ስንቱን ቀብረናል!

ታዲያ ጨውን መለወጥ በእርግጥ ሰውን ከሞት ያድናል ወይ? ይህን ለማወቅ በሰሜን ቻይና ገጠር ትልቅ ጥናት ተደረገ። የዚያ አገር ገበሬዎችም እንደ እኛው ምግባቸውን በቤታቸው ይሠራሉ፤ ጨውም በገዛ እጃቸው ይጨምራሉ። ጥናቱ የተካሄደው በ600 መንደሮች ሲሆን፣ 20,995 ሰዎች ገቡበት። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ስትሮክ የመታቸው ነበሩ። የቀሩት ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የደም ግፊት ያለባቸው ናቸው።

መንደሮቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የለመዱትን ጨው መብላታቸውን ቀጠሉ። ለቀሩት ሌላ ዓይነት ጨው በነፃ ታደለ። ይህ ጨው ከ100 እጅ 75ቱ ያው የምናውቀው ጨው ነው፤ 25ቱ ግን ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ነው። ፖታሲየም የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። በባቄላ፣ በምስር፣ በድንች፣ በጎመንና በሙዝም ውስጥ ይገኛል።

ጥናቱ 5 ዓመት ገደማ ቆየ፤ ውጤቱም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ታወቀ። የተለመደውን ጨው በሚበሉት ዘንድ ከ1,000 ሰዎች በዓመት 34 ያህል ስትሮክ ደረሰ። በተለወጠው ጨው ግን 29 ሆነ። የሞቱትም ከ1,000 ሰዎች በዓመት ከ45 ወደ 39 ዝቅ አሉ። «ከሺህ ሰው 5 ሰው ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ለቤተሰቦቻቸው ግን እነዚያ 5 ሰዎች አባትና እናት ናቸው። ደግሞም መርፌ የለበት፣ መሣሪያ የለበት! የተለወጠው ጨው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በጥር 2017 ዓ.ም. ለአዋቂዎች እንዲህ ያለውን ጨው መከረ። ምክሩ ግን ሕፃናትንና እርጉዞችን አይጨምርም። በተለይ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይነካው! ኩላሊቱ ፖታሲየሙን ማስወገድ ሲያቅተው በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል።

የተለወጠው ጨው በገበያችን ባይገኝም መቀነስ እንችላለን። ድርጅቱ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት ግን አንድ አዋቂ በአማካይ በቀን 8 ግራም ያህል ይበላ ነበር። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ ወጡ ላይ ሌላ መጨመር ለምን ያስፈልጋል? ቀስ በቀስ ከቀነስን ምላሳችን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። የምንበላው ጥቂቱ ጨው ግን አዮዲን ያለበት ይሁን፤ እንቅርትን ይከላከላልና።

የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም፤ የሚታወቀው ሲለካ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደን ክንዳችንን ብናስለካ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከሆነ፣ ወይም ከዚያ ካለፈ፣ የደም ግፊት አለ ማለት ነው። ክኒን የታዘዘለትም ሰው «ጨው ቀንሻለሁ» ወይም «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።